ሽታ አይገደልም፣ ይመራል

የሕንጻው ሰዎች «አየር ኃይሉ» ይሉታል። አውሮፕላን ነድቶ አያውቅም፤ እንዲያውም ከፍታ ይፈራል። ስሙ የወጣለት ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል የአየር ማናፈሻ ክፍል ኃላፊ ሆኖ በመሥራቱ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ስለ አየር ማውራት አልተው በማለቱ ነው። ደረጃ ላይ ያገኘውን ሰው ያስቆምና ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ፣ «ይሄ ደረጃ እኮ አይተነፍስም» ይለዋል። ሰውየው የገዛውን ዕቃ እንዳንጠለጠለ ያዳምጣል፤ ራሱ መተንፈስ እስኪያቅተው ድረስ።

ሆቴል ውስጥ የነበረው ክብር ቀላል አልነበረም። የሲጋራ ማጨሻው አዳራሽና የሙሽሮች ክፍል ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ሳለ፣ አንዲትም ሙሽራ አፍንጫዋን ይዛ አለማደሯ የእሱ ሥራ ነበር። ይህን ያደረገው ግን መሰላል ወጥቶ አይደለም። መሰላል የሚወጡ ሌሎች ነበሩ። እሱ ከታች ሆኖ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ያዝዛል። «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ! ያንን ቱቦ ወደዚያ ምራው!» የኮርኒስን ውስጥ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ሆኖም በእሱ ቤት ኮርኒስን እንደሱ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ጡረታ ሲወጣ ይዞ የመጣው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ካርቶን ሙሉ ለእንግዳ የሚቀመጥ የላስቲክ የፀጉር ቆብና አንድ አባባል። «ሽታ አይገደልም፣ ይመራል።»

ሲጋራ ያጨሳል። ሳሎን ያጨሳል፣ መኝታ ቤት ያጨሳል፣ ጥርሱን እየቦረሸ ያጨሳል። መጋረጃው ነጭ ሆኖ ተገዝቶ ሻይ መስሏል። አፍንጫው ደግሞ ከእሱ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ ድስት ቢያርር፣ ወተት ቢገነፍል፣ ዓሣ ቢበላሽ አይሰማውም። ይህን ግን አያምንም። «የሚሸት ነገር ስለሌለ ነው» ይላል።

እሱና ባለቤቱ እንዲህ እያሉ ሲኖሩ አንዲት ልጃቸው ወንድ ልጅ ወለደች። የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሲቃረብ ጥያቄው መጣ፤ ሕፃኑ ቀን ቀን ማን ጋ ይዋል? ለዚህ የታጩት ሁለት አያቶች ነበሩ፤ እናቷና የባሏ እናት። የባሏ እናት ቤት ሰፊ ነው፣ ግቢው ዛፍ አለው፣ ሴትየዋም እጇን ሳትታጠብ በር እንኳ አትከፍትም። በዚህኛው ቤት ደግሞ እናቷ አለች። የልጅቷ ልብ ወደ እናቷ አደላ። አፍንጫዋ እምቢ አለ።

«አባዬ፣ አቁም አልልህም» አለችው አንድ ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ። «እሱን ብዬ ብዬ ምላሴ ፀጉር አብቅሏል። ቤቱ እንዳይሸት ብቻ። ልጄን መተርኮሻ ውስጥ አላስተኛም።»

«መተርኮሻ!» አለ ወደ ባለቤቱ ዞሮ። «ሰማሽ? ያደገችበትን ቤት!»

«ስላደገችበት ነዋ የምታውቀው» አለች ባለቤቱ።

«ወርደህ ግቢ ውስጥ ብታጨስስ?» አለች ልጅቷ።

«በገዛ ቤቴ እንደ ዘበኛ ደጅ ቆሜ? ደግሞ ጉልበቴን ይሄን ሁሉ ደረጃ ማን ያወጣልኛል? አይዞሽ ልጄ፣ ይሄ የሙያ ጉዳይ ነው። ለእኔ ተይው።»

«እሺ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት መጥቼ አያለሁ። ከሸተተ ልጁ እዚያኛው ቤት ይውላል። እማዬ፣ ኋላ እንዳትቀየሚኝ።»

የእናት ዓይን ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። ልጇ ካገባች ጀምሮ ማታ ማታ በኪሮሽ ስትሠራ የኖረችው ሁሉ፣ ኮፍያው፣ ካልሲው፣ ሹራቡ፣ ሁሉም ነጭ፣ ከሁሉም በላይ ያቺ ጠርዟ እንደ ሞገድ የተሠራ የሕፃን ብርድ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሕፃኑ የልጇ አማት ጋ ቢውል ያንን ብርድ ልብስ ማን ያለብሰዋል? እዚያ ቤት የሚለበሰው ከሱቅ የመጣ፣ ዋጋው የተለጠፈበት ነው።

በማግስቱ እናት ጽዳት ጀመረች። መጋረጃውን አጠበች፣ ግድግዳውን በሳሙና አሸች፣ የሶፋውን ልብስ አወለቀች። ሰው የነገራትን ሁሉ ሞከረች፤ በየጥጉ ኮምጣጤ በሳህን አስቀመጠች፣ አልጋ ሥር ከሰል ደበቀች፣ የብርቱካን ልጣጭ ቀቀለች።

አየር ኃይሉ ሳህኖቹን እየዞረ ጎበኘ። «የጀማሪ ሥራ!» አለ። «በኮምጣጤ ላይ ሲጋራ ስትጨምሪበት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? የሚያጨስ ሰላጣ። አየሽ የእኔ እመቤት፣ ሽታ አይገደልም...»

«ይመራል። አውቃለሁ። ምራው እንግዲህ።»

መራው። ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥባት አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ዕቃ ቤት አለች። መጥረጊያውን አስወጥቶ ወንበር አስገባ። ከአሮጌ ማድቤት ላይ የተነቀለ የአየር መሳቢያ ከዕቃ ተራ ገዛ፤ አፉ ላይ ቱቦ ገጠመለት። ጥያቄው ቱቦው ወዴት ይሂድ የሚለው ነበር። የውጩን ግድግዳ መብሳት የሕንጻው ኮሚቴ ከልክሏል። እነሱ ያሉት ግን የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ከኮርኒሳቸው በላይ ቆርቆሮው ድረስ ሰው የማይደርስበት ባዶ ቦታ አለ፤ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ደግሞ ያ ባዶ ቦታ የሚተነፍስበት ቀዳዳ አለ። ጭሱ በቱቦው ወደ ኮርኒሱ ይገባል፤ ከኮርኒሱ በቀዳዳው ወደ ሰማይ ይሄዳል። አስቦ ሲጨርስ ራሱን አደነቀ። ወንበር ላይ ቆሞ፣ ወደ ላይ ሳያይ፣ ኮርኒሱን በመሰርሰሪያ በሳና ቱቦውን ሰክቶ ወረደ። 

«ቱቦው የት ነው የሚወጣው?» አለች ባለቤቱ ከውጭ ሆና። ዕቃ ቤቷ «የሥራ ቦታ» ስለተባለች መግባት ተከልክላለች።

«ውጭ።»

«ውጭ የት?»

«ውጭ ውጭ ነዋ! አየር ታስተምሪኛለሽ?»

ከዚያ ወዲህ ሲጋራ ባማረው ቁጥር የሚያደርገውን ያየ፣ ቀዶ ጥገና ሊያደርግ የሚገባ ሐኪም ይመስለዋል። የዝናብ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። የሆቴሉን የላስቲክ ቆብ ጆሮው ድረስ ያጠልቃል። ዕቃ ቤቷ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ከበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ይወትፋል፤ መሳቢያውን ያስነሳል። መሳቢያው እንደ አሮጌ መኪና ያጓራል። ከጨረሰ በኋላ ወጥቶ፣ ጣቶቹን በሎሚ አሽቶ፣ ማስቲካ አፉ ውስጥ ጨምሮ ባለቤቱ ፊት ይቆማል።

«ይሸታል?»

መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ትነግረው ነበር። «ትንሽ ይሸታል» ስትለው መሰርሰሪያውን አነሳ። «አሁንም ይሸታል» ስትለው በሩን ነቅሎ ጠርዙን በላስቲክ ለበጠ፤ አንድ ቀን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ያለ በር ዋሉ፤ በስህተት የተነቀለው የመታጠቢያ ቤቱ በር ነበርና። ደርሶ ሲገነዘብ፣ «ለማነጻጸር ነው» አለ። ያን ዕለት ባለቤቱ ከመሰርሰሪያ ጋር መኖርና ከሽታ ጋር መኖር ቢመዘኑ የቱ እንደሚቀል ወሰነች።

«ይሸታል?»

«ምንም» አለችው።

ፊቱ በራ። ከዚያ ወዲያ በጠየቃት ቁጥር «ምንም» ነው መልሷ፤ ሽንኩርቷን ሳታቋርጥ፣ ኪሮሿን ሳታስቀምጥ። ደግሞም እየቆየ እውነት ሆነ። ሳሎኑ መሽተት አቆመ። እሷም ገረማት፤ አንድ ቃል ግን አልተነፈሰችም፤ ሰውዬው በትንሽ ምስጋና ስንት ግድግዳ እንደሚበሳ ታውቃለች።

እሷም የራሷን ጥንቃቄ ማድረጓ አልቀረም። ገና ቱቦውን ፍለጋ ዕቃ ተራ በሄደበት ቀን፣ ከጎረቤት መሰላል ተውሳ የሕፃኑን ልብሶች ደብቃቸዋለች። ቁም ሣጥኑን አላመነችውም፤ አልጋ ሥርንም አላመነችም። በዚህ ቤት የእሱ ጭስ ደርሶበት የማያውቅ ቦታ አንድ ብቻ ነው። ፕላስቲክ ሻጋታ ያመጣል፣ ልብስ መተንፈስ አለበት ብላ በንጹህ አንሶላ ጠቀለለቻቸውና፣ መተላለፊያው ላይ ያለችውን የኮርኒስ በር ገፍታ ከፍታ፣ ከላይ አስቀመጠቻቸው። ለባሏ አልነገረችውም። ቢሰማ፣ «ሙያዬን ናቅሽ» ብሎ ሳምንት ያኮርፋል።

ልብስ መተንፈስ አለበት እንዳለችው፣ ተነፈሰ።

ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ በክንዷ አንጠልጥላ መጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ የአየር ሰው ነዎት ብዬ ነው የመጣሁት። ደንበኛዬ ቀሚሱን መለሰችብኝ። 'ሚዜዋ ከመጠጥ ቤት የመጣች ነው የምትመስለው' አለችኝ። እኔ አላጨስ፣ ልጆቼ አያጨሱ። ከየት ነው የሚመጣው?»

አየር ኃይሉ ቀሚሱን ተቀብሎ ፊቱ ላይ ደፋው። ሳበ። ደግሞ ሳበ።

«ይሄ ምንም አይሸትም።»

«ኧረ ጋሼ!»

«ይሁን፣ ይሸታል እንበል።» ተነሥቶ ቤቷ ሄደ። ዞረ። ግድግዳዋን ኳ ኳ አደረገ፤ መስኮቷን ከፍቶ ዘጋ፤ ከዚያ የልብስ መተኮሻዋ አጠገብ ቆመና እንደ ዳኛ ጣቱን ቀሰረ። «ይኸው። ካውያሽ ነው። ጨርቁን ያሳርረዋል። የሚቃጠል ጨርቅ አንዳንዴ ሲጋራ ሲጋራ ይላል።»

«ካውያው አዲስ ነው እኮ ጋሼ።»

«አዲስ ስለሆነ ነው። ደግሞ ቤትሽ አይተነፍስም። እኔ ቤት መጥተሽ እይ፤ አጭሼ እንኳ አይሸትም። ሽታ አይገደልም፣ ልጄ፤ ይመራል።»

ሴትየዋ ካውያዋን ለውጣ፣ ቀሚሱን በድጋሚ አጥባ አደረቀችው። ኮርኒሷን ቀና ብላ አላየችም። አየር ኃይሉም አላየም። ሁለቱ ቤቶች ከላይ አንድ ኮርኒስ ይጋሩ እንደነበር ማንም ትዝ አላለውም።

ልጅቷ ልትመጣ ቀጠሮ በያዘችበት ቀን እናት ከጠዋት ጀምራ እግሯ መሬት አልነካም። ከሰዓት ልጅቷ ሕፃኑን አቅፋ፣ ባሏ የዳይፐሩን ቦርሳ ተሸክሞ ገቡ። አየር ኃይሉ ተላጭቷል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሕፃኑን ሲያይ የሚያደርገው ጠፋው። ያቺን ትንሽ ተረከዝ በአንድ ጣቱ ነካ አደረገና፣ «ይሄ እኮ የእኔ እግር ነው» አለ። 

«ቆይ አባዬ። መጀመሪያ ሥራ።»

ሕፃኑን ለእናቷ ሰጥታ ፍተሻ ጀመረች። መጋረጃው ውስጥ አፍንጫዋን ቀበረች። የሶፋውን ትራስ አንስታ አሸተተች። መኝታ ቤት ገብታ ትንሽ ቆየችና ወጣች። እናት ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ዓይኗን ከልጇ ፊት አልነቀለችም። አየር ኃይሉ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል፤ እንደ ድሮው፣ መሰላል ሥር።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። «እውነትም አይሸትም!»

«አላልኩሽም?» አለ አባት። «የሙያ ጉዳይ ነው።»

«በቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ይውላል።»

እናት እንባዋ መጣ። ሕፃኑን ለልጇ መለሰችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ቆይ፣ ቆይ፣ የማሳይሽ አለ። ሁሉንም ሠርቼ ጨርሻለሁ። እስኪ አባቷ፣ ጠዋት ከጎረቤት የተዋስኩትን መሰላል አምጣልኝ።»

«የምን መሰላል?»

«የሕፃኑን ልብስ ላወርድ ነዋ። ኮርኒስ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።»

 የአየር ኃይሉ ማስቲካ አፉ ውስጥ ቆመ።

«የቱ ኮርኒስ?»

«ስንት ኮርኒስ አለን? እዚህ መተላለፊያው ላይ። ከጭስህ ይራቅልኝ ብዬ ነው፤ አሁን ደግሞ እንዳትቆጣ።»

«ምን አስቸኮለሽ!» አለ። «ሌላ ቀን ይወርዳል። ሕፃን ደግሞ አዲስ ልብስ ነው የሚያምርበት። አሁን ወጥቼ እገዛለሁ። አሁኑኑ!»

«ጉልበትህስ?» አለች ልጅቷ በግርምት። ለስንት ዓመት ደረጃ ውረድ ሲባል ጉልበቱን የጠራ ሰው ነው።

«እኔ አወርደዋለሁ አባባ፣ አይቸገሩ» አለ የልጅቷ ባል፤ ትሑት ልጅ ነው፤ በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራው ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎታል። መሰላሉን አቆመ፣ ወጣ፣ የኮርኒሷን በር በመዳፉ ገፋ አድርጎ ጭንቅላቱን አስገባ።

መጀመሪያ እግሮቹ ሲንቀጠቀጡ አዩ። ከዚያ ሳሉን ሰሙ። ጭንቅላቱን ሲያወጣ ዓይኑ ቀልቶ እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር፤ ጥቅሉን ግን አልለቀቀውም። ከእሱ ጋር ሽታው አብሮ ወረደ። ስንት ጊዜ የተጨሰ ጭስ ሁሉ፣ ከዚያች ዕቃ ቤት የተመራ፣ አንድም ሳይጎድል።

እናት ጥቅሉን ተቀብላ መሬት ላይ ዘረጋችው። አንሶላው ቢጫ ሆኗል። ኮፍያውም፣ ካልሲዎቹም። ብርድ ልብሷን በሁለት እጇ አንስታ ዘረጋቻት፤ ሞገድ የሚመስለው ጠርዝ የአሮጌ መጋረጃቸውን መልክ ይዟል።  ሕፃኑ አስነጠሰ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ በመጨረሻ፣ የሕፃኑን ፊት በእጇ ሸፍና። «ወዴት ነው የመራኸው?»

«ወደ ውጭ!» አለ። «ጣሪያው ሥር መተንፈሻ ቀዳዳ አለ። ቀጥታ ወደ ሰማይ...»

«የትኛው ቀዳዳ?» አለች ባለቤቱ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ። «እርግቦች የቀን እንቅልፍ ነሱኝ ብለህ ግንበኛ ጠርተህ በሲሚንቶ ያስደፈንከው?»

አየር ኃይሉ አፉን ከፈተ። ግንበኛው ውጭ መሰላል ላይ ሆኖ፣ እሱ ግቢ ውስጥ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ፣ «ምንም እንዳይቀር! ጥርቅም አድርገህ ድፈን!» ሲል ታየው።

በሩ ክፍት ኖሮ ልብስ ሰፊዋ ሳሉን ሰምታ ብቅ አለች። የተዘረጋውን ልብስ አየች፤ የተከፈተውን ኮርኒስ አየች፤ አየር ኃይሉን አየች።

«ጋሼ» አለች። «ካውያዬን ልመልሰው ማለት ነው?»

የልጅቷ ባል ሳቁን በሳል ለወጠው። አየር ኃይሉ ግን ወደ እሷ ዞሮ፣ «ስህተቱ የቱቦው ነው» አለ። «ትንሽ ቢረዝም ኖሮ...»

«እማዬ» አለች ልጅቷ።

«አውቃለሁ» አለች እናት። «ውሰጂው። እዚያ ይዋል።»

ሰኞ ሕፃኑ ወደ ልጅቷ አማት ቤት ሄደ። ማክሰኞ እናት ኪሮሿን በቦርሳ ይዛ ተከተለችው። የልጇ አማት እጇን አስታጥባ አስገባቻት፤ ሁለቱ አያቶች ዛፉ ሥር ወንበር አውጥተው ሕፃኑን መሃል አድርገው ዋሉ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ለባሏ የተናገረችው አጭር ነበር።

«ቤቱ ሙሉ ያንተ ነው። ሳሎንም አጭስ፣ መኝታ ቤትም አጭስ። እኔ ግን ይሄን ሽታ ለብሼ ልጁ ጋ አልሄድም።»

ስለዚህ መሄጃ ልብሷን ጎረቤት አስቀመጠች። ጠዋት ከቤቷ ትወጣና ልብስ ሰፊዋ ጋ ትገባለች፤ ትታጠባለች፣ ትቀይራለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስም እንዲሁ። አየር ኃይሉ በግድግዳው በኩል ሁለቱ ሴቶች ሲሳሳቁ ይሰማል። ምን እንደሚያስቃቸው አልጠየቀም።

ቀዳዳውን በግንበኛ አስከፈተው። ግንበኛው መሰላል ላይ ሆኖ ሲመታ እሱ ከታች ቆሞ አዘዘው። እርግቦቹ ተመለሱ። ጭሱም አሁን እንደታሰበው ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ሥርዓቱ አንድ እንከን የለበትም። ካፖርቱንና ቆቡን ለብሶ እየገባ፣ ጣቱን በሎሚ እያሸ ይወጣል። ቀን ቀን ግን «ይሸታል?» የሚላትን ከየት ያምጣ? አንዴ አምልጦት ጮክ ብሎ ጠየቀ። ከኮርኒሱ በላይ እርግብ አጉረመረመች።

አንድ አመሻሽ ባለቤቱ ከጎረቤት ልብሷን ቀይራ ስትገባ በእጇ ትንሽ ነገር ይዛ ነበር። የሕፃኑ ሹራብ ናት፤ አዲስ የሠራቻት፤ ቁልፏ ተነቅሎ ልትተክልላት ያመጣቻት።

«ዛሬ ለብሷት ውሏል» አለች። ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ዘረጋችለት። «እንካ። የልጁን ጠረን አሽትት። ወተት ወተት ይላል።»

አየር ኃይሉ ሹራቧን በሁለት እጁ ተቀበለ። ፊቱ ላይ አደረጋት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረቱ እስኪነፋ ሳበ። ደግሞ ሳበ። 

«እህ?» አለች። «ምን ይሸታል?»

«ምንም» አለ።

ባለቤቱ አየችው።  እጇን ዘርግታ ሹራቧን ከፊቱ ላይ ቶሎ አነሣቻት።

«በል በቃ፣ ሽታ ይይዝብኛል» አለችና ቁልፉን ልትተክል ወደ ጎረቤት ወጣች።